የማይነካው ፖስታ

እትዬ ካዝና በአንድ ትምህርት ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ገንዘብ ያዥ ሆና ስትሠራ ሳንቲም አጉድላ አታውቅም። እንዲያውም በጀት ዓመቱ ሲያልቅ ሁሌ ተራፊ ታሳይ ስለነበር ርእሰ መምህሩ በስብሰባ ላይ ያስጨበጭቡላት ነበር። ጡረታ በወጣች በሁለተኛው ዓመት ታናሽ ወንድሟ ለከተማው ምክር ቤት እወዳደራለሁ ብሎ ሲነሳ፣ የቅስቀሳውን ገንዘብ ማን ይያዝ የሚል ጥያቄ እንኳ አልተነሳም። እሱ እንደሆነ እጁ ወንፊት ነው፤ የገባለት ሁሉ ሾልኮ ያልቃል። እናታቸው ከሞተች ወዲህ ያሳደገችው እሷ ናትና ይህን ከማንም በላይ ታውቃለች።

ቢሮ ብለው የተከራዩት ክፍል ቀድሞ የሴቶች ጸጉር ቤት ነበር። መስታወቶቹ ከግድግዳው ስላልተነሱ፣ ፖስተር ሊወስድ የገባ በጎ ፈቃደኛ ሁሉ ጸጉሩን ሳያስተካክል አይወጣም። እሷ ጥግ ይዛ፣ ጸጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር ተቀምጣ፣ ከደጋፊ የተዋጣውን ገንዘብ በሰባት ፖስታ ከፋፈለችው። ለህትመት፣ ለነዳጅ፣ ለአዳራሽ፣ ለታዛቢዎች ምሳ እያለች ሄደችና ሰባተኛው ላይ «አይነካም» ብላ ጻፈች። በውስጡ ሃያ ሺህ ብር ነበር። ከአንዱ ፖስታ ወደ ሌላው ማዛወር ደግሞ ሐራም ነው።

«እትዬ፣ ነዳጅ አልቆብናል» ይሏታል የቅስቀሳው ልጆች።

«ያለቀው ነዳጁ ነው ፖስታው?»

«ፖስታው።»

«እንግዲያው በእግራችሁ ነዋ!»

ምርጫው ሦስት ቀን ሲቀረው የድምፅ ማጉያ የጫነች መኪና ያለው ሰውዬ መጣ። ለሦስት ቀን አሥራ ስምንት ሺህ አለ፤ ካልፈለጋችሁ ለተፎካካሪያችሁ አከራያለሁ ብሎም ጨመረ። ወንድሟ ዓይኑ በራ።

«እታለም፣ የላይኛውን ሰፈር ገና አልረገጥነውም። ይቺን መኪና ካገኘሁ አበቃ!»

«ገንዘብ የለም።»

«ሰባተኛው ፖስታስ?»

«የተጻፈበትን ማንበብ አቃተህ?»

«ሰው መርጦ ቤቱ ከገባ በኋላ ገንዘቡ ምን ይሠራልናል? ትምህርት ቤት እኮ አይደለም፣ ተራፊ ብናሳይ ማንም አያጨበጭብልንም!»

እውነቱን ነበር፤ እሷም ልቧ ያውቀዋል። ግን ፈራች፤ ስትፈራ ደግሞ ድርቅ ትላለች። እሱም ያለ እሷ ፊርማ ሳንቲም አይወጣም ብሎ በሰው ፊት ቃል ገብቶ ነበርና ንዴቱን ዋጥ አድርጎ የእጅ ድምፅ ማጉያ ይዞ ዳገቱን በእግሩ ተያያዘው። በሁለተኛው ቀን ድምፁ ተዘጋ። የሰፈሩን እኩሌታ እንኳ አላዳረሰም።

በስልሳ ሦስት ድምፅ ተሸነፈ።

በማግስቱ ቢሮው ጭር አለ። እስከ ትናንት ከወንድሟ ጆሮ የማይለየው ስልክ ጸጥ ብሏል። ማተሚያ ቤቱ ብቻ ሰው ላከ፤ ለካ ወንድምየው ከእሷ ተደብቆ አራት ሺህ ፖስተር በዱቤ አሳትሟል። የአዳራሹ ባለቤት ደግሞ ለተሰበሩት ወንበሮች ሊጠይቅ ተከትሎ ገባ። እሷ ሰባተኛውን ፖስታ ከፍታ ሁለቱንም ከፍላ፣ አስፈርማ ሸኘቻቸው። ወንድሟ መስታወቱን ተደግፎ ሲያያት ቆየ።

«ብሸነፍ ብለሽ ነው ያስቀመጥሽው?»

«አዎ። ለተሸነፈ ሰው ማን ያዋጣል? ዕዳ ጠያቂ በርህን እንዲያንኳኳብህ አልፈለግኩም።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጀመሪያው ቀን።»

ራሱን ነቀነቀ። ያ ሁሉ ሰው ታሸንፋለህ እያለ ጀርባውን ሲደበድበው፣ እህቱ ለሽንፈቱ በጀት ይዛለት ነበር። መቆጣት አማረው፤ ያስፈረመቻቸውን ደረሰኞች እያየ ግን መቆጣት አልሆነለትም።

«ድምፅሽንስ ሰጥተሽኛል?» አላት በሻከረ ጉሮሮው፣ «ወይስ እሱንም ለክፉ ቀን አስቀመጥሽው?»

ለቀልድ ነበር፤ ራሱም ሳቀ። እሷ ግን እንባዋ መጣ።

«ሰጥቼሃለሁ» አለችው። ያመናት ስላልመሰላት ምላ ደገመችለት።