ኮንትራት ያልኩ ዕለት

ከትናንት ወዲያ ጓደኛዬን ዘሀራን በገዛ አፌ ሸጥኳት።

ሳላውቅ ነው... ግን ሸጥኳት።

ዘሀራ የደሴ ልጅ ናት። እዚህ ቤሩት፣ ሲን ኤል ፊል ሰፈር አንድ ቤት ውስጥ ስምንት ዓመት ሠርታ፣ ትናንት ከሰዓት ወደ አገሯ ልትበር ነበር። የመጨረሻዋን ሌሊት ያደረችው ሆቴል ነው። «ስንት ዘመን የሰው አልጋ ሳነጥፍ ኖሬ... አንድ ቀን እንኳ ሰው ባነጠፈልኝ ልተኛ» ብላ። ትናንት ጠዋት ስሄድ እንግዳዋ እመቤት አልጋውን አንጥፋ፣ የመታጠቢያ ቤቱን መስታወት ስትወለውል ደረስኩባት።

ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ደግሞ በሰርቪስ፣ ያኒ ከማያውቁት ሰው ጋር ተጠጋግቶ በሚሳፈሩበት ታክሲ መሄድ አላማራትም። መኪና ለብቻዋ ፈለገች። እኔ እንግዲህ ዶራ ሰፈር ቤት ተከራይቼ በየቤቱ እየዞርኩ የማጸዳ፣ በአረብኛዬ የማልታማ ሴት ነኝ። «ለእኔ ተዪው» አልኳት።

እዚህ ላይ የሚያለቅስ ያልቅስ።

ከሰው ላይ የአንድ ሹፌር ስልክ ተቀብዬ ከዋዜማው ደወልኩ። ችግሩ፣ እኔ በዚህ ከተማ ከሰርቪስ በቀር ተሳፍሬ አላውቅም። መኪና ለብቻ መያዝ በእኛ በአዲስ አበባ ልጆች አፍ ምንድነው የሚባለው? ኮንትራት! እኔም ቃሉን ትንሽ ፈረንሳይኛ ቀባሁትና በሙሉ ልብ ለቀቅኩት።

«አንድ ልጅ አለች፤ ኮንትራ ትፈልጋለች። ነገ መጥተህ ከሆቴል ውሰዳት።»

 የሰውየው ድምፅ ማር ሆነ።

«ሐበሻ ናት?»

«አዎ።»

«አረብኛ ታውቃለች?»

መንገድ ላይ ወሬ የሚወድ ሹፌር መሰለኝ። «ታደክምሃለች!» አልኩት።

«ሥርዓት አላት?»

«ወርቅ ናት!»

«ከትልቅ ጋርስ ትስማማለች?»

ሰፊ መኪና ሊያመጣልን ነው ብዬ ልቤ ሞቀ። «እንዴታ! ትልቅ ነው የምትወደው» አልኩት።

መኪናው ሰዓቱን ሳያዛንፍ መጣ። ከፊት ወንበር ላይ ፀጉራቸውን የተሠሩ፣ ሽቶ የተርከፈከፉ አሮጊት ተቀምጠዋል። የሹፌሩ እናት ናቸው። «ቦንዡር ሀቢብቲ!» ብለው ዘሀራን ከእግር እስከ ራሷ አዩዋትና ለልጃቸው ራሳቸውን ነቀነቁለት። እኛም ከኋላ ገባን። እናቱን ለማንሸራሸር ነው ብለን ባረክነው እንኳ።

አውሮፕላን ማረፊያው በደቡብ ነው። መኪናው ወደ ሰሜን ታጠፈ።

«አንቺ... ወዴት ነው?» አለች ዘሀራ በአማርኛ።

«አቋራጭ ይሆናል፤ አብሽሪ።»

ባውሽሪዬ የሚባል ሰፈር ገባን። ዘሀራ ሰዓቷን ታያለች፣ መንገዱን ታያለች፣ እኔን ታያለች።  እኔ ግን ፊቴን እንደ አምባሳደር ኮስተር አድርጌያለሁ።

አሮጊቷ ዞር አሉ። «ክፍልሽ መስኮት አለው። እሁድ እሁድ ትወጫለሽ» አሉና እጃቸውን ዘረጉ። «ፓስፖርትሽን ስጪኝ የእኔ ልጅ፣ እኔ ጋ ይቀመጥልሽ።»

ያን ፓስፖርት ማዳሟ ስምንት ዓመት ቆልፋበት ቆይታ ገና በዋዜማው ነው የሰጠቻት። ዘሀራ ደረቷ ውስጥ ሸጉጣዋለች። በሁለት እጇ ግጥም አርጋ ያዘችው።

«ምን ብለሽ ነው የጠራሽው?» አለችኝ በአማርኛ።

«ኮንትራት ብዬ ነዋ!»

«ኮንትራት?! እዚህ አገር ኮንትራት ምን እንደሆነ ጠፍቶሽ ነው? ያ አላህ... ፈርመሽብኛል እኮ! ለሌላ ማዳም ፈርመሽብኛል!»

ያኔ ገባኝ። ለካ ሰውየው ለእናቱ የቤት ሠራተኛ ሲያፈላልግ ከርሟል። እኔ መኪና ስይዝ፣ እሱ ዘሀራን ይዟል!

«ቁም! ኸላስ! ታክሲ ነው! ታክሲ! ማጣር!» ብዬ ጮህኩ፤ አውሮፕላን ማረፊያ ማለቴ ነው። የማልታማበት አረብኛ በጭንቅ ቀን ይህችው ሆና ተገኘች።

ሹፌሩ መሀል መንገድ ላይ ቆመ። ከኋላ ያለው መኪና ሁሉ ክላክሱን ለቀቀብን። እሱ እናቱን ያያል፣ እናቱ እኔን ያያሉ።

«ያኒ... ሥራ አትፈልግም?» አሉ አሮጊቷ ቀስ ብለው።

ዘሀራ መለሰች። «ማዳም፣ ሥራዬን ጨርሻለሁ። ወደ እናቴ ነው የምሄደው።»

 አሮጊቷ የልጃቸውን ትከሻ በቦርሳቸው ጠፈጠፉት። «ምን ይገትርሃል? ያላ! አዙር!»

ሰውየው እንደ አምቡላንስ ነዳ። አሮጊቷ ግን በቀላሉ ተስፋ የሚቆርጡ ሴት አይደሉም። አንዱ የትራፊክ መብራት ላይ ቴሌቪዥን ጨመሩ፣ የሚቀጥለው ላይ ቅዳሜን። መንገዱ ትንሽ ቢረዝም ኖሮ ቤቱን በስሟ ያዞሩላት ነበር።

ዘሀራ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «ስምንት ዓመት መስኮት ያለው ክፍል ስመኝ ኖሬ... ልሄድ ስል ይምጣ?» አለችኝ። ሳቅኩ። 

ደረስን። ለጥቂት ደረስን። ሻንጣውን ለሁለት እየጎተትን በሩ ጋ ሮጥን። ጥበቃው እጁን ዘረጋ።

«ፓስፖርት።»

ሰጠችው፤ ግን አለቀቀችም። እሱ በአንድ ጫፍ፣ እሷ በሌላው ጫፍ ይጓተታሉ።

«ልቀቂው እንጂ!»

«ምን ልታደርገው?»

«ላየው ነዋ!»

«ሳትይዘው እየው!»

ከኋላዋ የተሰለፈው ሰው ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። «እንደምትመልስልኝ በአላህ ማልልኝ» አለችው። ሰውየው ግራ ገብቶት ማለ። አየው... መለሰላት።

እዚያው በሩ ላይ እንባዋ እየወረደ ሳመችው... ፓስፖርቱን ነው እንጂ፣ ጥበቃውማ ጉንጩን እንዳዘጋጀ ቀረ።