በአመድ የፈተግኳት ሞተር

ባለፈው ቅዳሜ እዚህ ኮሎምበስ፣ ክሊንተንቪል፣ ጎረቤታችን ጋራዡን ከፍቶ አንዲት አሮጌ ሞተር ብስክሌት ሲያስነሳ፣ ዘይት የተቀላቀለበት የቤንዚን ጭስ አጥሩን አልፎ መጥቶ የአባቴ ካፖርት ሸተተኝ። ሰውዬው ጡረተኛ ነው፤ ትንንሽ የድሮ የእንግሊዝ ሞተሮችን፣ ከዓይነቷ ስንት ቀርቷል፣ ምን ያህልስ ሳትነካ ቆይታለች እያለ ዋጋ ይገምታል። ልያት ብዬ ሄጄ፣ ነዳጅ መያዣው ሰልባቲዮዋ ላይ አቧራ ስላየሁ በነጠላዬ ጫፍ ልጠርግ ስል፣ አብራኝ የሄደችው የልጅ ልጄ ሊድያ እጄን ያዘችኝ።

«አያቴ፣ ዶንት ታች። ኦሪጅናል ፔይንት፣ የመጀመሪያ ቀለሟ ነው፤ ዋጋዋ እሱ ነው ይላል ሰውዬው።»

እጄን ሰበሰብኩ። ይህን እኔ በዘጠኝ ዓመቴ ነው ያወቅሁት።

አባቴ ፍቼ አካባቢ ከብት የሚከትብ ሰው ነበር። እንግሊዛዊው አለቃው አገሩ ሲገባ የተወለትን አረንጓዴ ሞተር በጋውን መንደር ለመንደር ሲዞርባት ውሎ፣ ሲመለስ እኔን ፊቱ አስቀምጦ ግቢውን አንዴ ያዞረኝ ነበር። ክረምት መንገዱ ሲጨቀይ ግን ጎተራው ሥር ጆንያ ለብሳ ትከርም ነበር፤ ዶሮዎቹም ወንበሯ ላይ ይሰፍሩ ነበር።

አንድ ሰኔ ላይ፣ አሮጌ ሞተሮች እየሰበሰበ አገሩ የሚልክ ፈረንጅ አስተርጓሚ ይዞ መጣ። ተንበርክኮ የኢንጅኗንና የሻንሲዋን ቁጥር አመሳክሮ፣ ሰልባቲዮዋ ላይ የነበረውን የወርቅ ቀለም ጽሑፍ ቆሞ ሲያይ ቆየና፣ እንዲህ ዓይነቷ ብዙ አልቀረችም፣ ዝናቡ ሲያባራ እወስዳታለሁ አለ። ብሩ የታሰበው ለታላቄ ለእትዬ ጥሩነሽ ነበር፤ አዲስ አበባ ነርስነት ልትማር ተቀብለዋት፣ የቀረው የአዳሪ ክፍያው ነበር። ክረምቱን ሙሉ የነርስ ነጭ ቀሚስ ስትሰፋ ከረመች።

መስከረም ሲያልቅ፣ ፈረንጁ ዛሬ ይመጣል ተባለና አባቴ ሊቀበለው መናኸሪያ ሄደ። እኛ ቤት እንግዳ ሲመጣ ድስቱ ሁሉ በአመድና በቃጫ ተፈትጎ እንደ መስታወት ያበራ ነበር፤ ሥራውም የኔ ነበር። ሰው ሳያየኝ ሞተሯን ጎትቼ አውጥቼ፣ አመዱ አልበቃ ቢለኝ አሸዋ ጨምሬ፣ አረንጓዴው ለቅቆ ነጩ ቆርቆሮ እስኪወጣ ፈተግኳት። ያ የወርቅ ጽሑፍ ፊደል ለማላውቀው ለኔ እድፍ ነበር። እሱም ሲለቅ ደስ አለኝ።

ፈረንጁ ተንበርክኮ የተፈተገውን በጣቱ ዳሰሰ። ቆይቶ አስተርጓሚው፣ «ቀለሟ የፋብሪካዋ ነበር፤ አሁን እንደ ማንኛዋም ናት። ግማሹን እሰጣለሁ ይላል» አለ።

እትዬ ደጃፉ ላይ ቆማ፣ «ማነው የነካት?» አለች።

አባቴ ጣቶቼን አየ። ጥፍሮቼ ውስጥ አመድ ነበር። እጄን ይዞ ከእጁ ጋር ካፖርት ኪሱ ውስጥ ከተተና፣ «እኔ ነኝ። ለእንግዳው ላሳምራት ብዬ» አለ።

«አባዬ፣ አሁን አንተ ትልቅ ሰው ነህ?» አለችው እትዬ።

እኔ እጄን ከኪሱ አላወጣሁም።

ግማሹ አልበቃም። እትዬ ነጩን ቀሚስ ፈትታ የትራስ ልብስ አደረገችው። ያን በጋ አባቴ በእግሩ ዞረ፤ እሷም እስኪሞት ድረስ ከሰላምታ ያለፈ ነገር አላወራችውም። ቀብሩ ላይ አጠገቧ ቆሜ እንኳ እኔ መሆኔን አልነገርኳትም።

አሁን እትዬ እዚሁ ከተማ፣ ኢስትሙር ሰፈር ናት። ነርስ ሳትሆን፣ ነርሲንግ ሆም፣ መጦሪያ ቤት፣ አዛውንት ስታጥብ ኖራ ወገቧን አሟት ጡረታ ወጣች። ከዚያ ቅዳሜ ማግስት፣ እሁድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እኛ ቤት መጥታ፣ ጎረቤታችን ሞተሯን ሲያስነሳ ሰማችና፣ «የአባዬን ትመስላለች» አለች፤ ቀጥላም፣ «ምን ዓይነት ሞኝ ሰው ነበር» አለች።

ያኔ እጄን የሚሸሽግልኝ ኪስ ነበረኝ። አሁን ሁለቱንም እጆቼን ጠረጴዛው ላይ አውጥቼ፣ «እትዬ፣ የፈተግኳት እኔ ነኝ» አልኳት። እሷም መነጽሯን አድርጋ ጥፍሮቼን ማየት ጀመረች።