ለሳጥኑ የሞላሁለት ሰዓት

ዓመቱን በትክክል አላስታውስም። ክረምት መሆኑን ግን አውቃለሁ፤ የእንጦጦ መንገድ ጭቃ ስለነበር መኪና አይወጣም ነበር። በጥበቃ የምሠራበት ጤና ጣቢያ ውስጥ ባለቤቴ ትንፋሽ አጥሯት ተኝታ ነበር። ወደ ሆስፒታል የሚልካት ወረቀት የሚሄደው በኔትወርክ ነው። ኔትወርኩ ደግሞ መብራት ጠፍቶ ከመጣ ወዲህ እምቢ ብሏል።

የኔትወርኩ ባለሙያ መንገዱ ስለማያስመጣው ከሲ.ኤም.ሲ ሰፈር ደውሎ፣ «አባባ፣ የኔትወርኩ ሳጥን ሰዓቱ ጠፍቶበት ነው። ሳጥኑን የሚያንቀሳቅሰው ፕሮግራም ሲነሳ መጀመሪያ የሚጠይቀው ሰዓት ነው። ቁልፎቹን እየተጫኑ ቀንና ሰዓቱን ይሙሉለት» አለኝ። የኛን ይሁን የፈረንጅ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ከግድግዳው ካላንደር እያየሁ ዓመቱን፣ ወሩን፣ ቀኑን ሞላሁ፤ ረፋድ ስለነበር ሰዓቱን ሦስት አልኩት። ሳጥኑ ጭራሽ ቀይ አበራ።

መልሼ ብደውል ባለሙያው ስልኩን አያነሳም። የባለቤቴ ከንፈር ጠቁሯል። በገዛ እጄ ገደልኳት ብዬ ግድግዳውን ተደግፌ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። መጸለይ እንኳ አቃተኝ።

ካርድ ክፍል የምትሠራው ሴትዮ በዚያ ስታልፍ አይታኝ ቆመች። የሳጥኑን መስኮት ጎንበስ ብላ አየችና፣ «ውይ አባባ! በሐበሻ አቆጣጠር ነው እንዴ የሞሉት? በስምንት ዓመት ወጣት አደረጉት እኮ! ቀኑ ካልገጠመ አያገናኝም» አለችኝ። ቀኑን ወደ ፈረንጅ መለሰችው፤ ሦስት ሰዓቱንም ዘጠኝ አደረገችው። ቀዩ መብራት ጠፋ፣ ወረቀቱም ሄደ።

ባለቤቴን በቃሬዛ ጭቃውን አሻግረን ሆስፒታል አደረስናት፤ ዳነችልኝ። ያን ቀን ከወደቅሁበት ያነሳችኝ የካርድ ክፍሏ ሴትዮ ናት።