ከብርድ ወገን

ትናንት አየር ጤና ፌርማታ ላይ ድንኳን የተሸከሙ ወጣቶች አገኘሁ። ወጨጫ ተራራ ግርጌ ሊያድሩ ነው። አንዷ፣ «አባባ፣ እርስዎም ይምጡ እንጂ» አለችኝና ተሳሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ያን መንገድ በእግሬ እንደማውቀው አልነገርኳቸውም።

ጣልያን ከተማውን የያዘ ጊዜ ነው። ማንም ሳያስተምረኝ ግጥም የምሞካክር፣ አንድ ቦታ መቀመጥ የማልችል ጎረምሳ ነበርኩ። የኮልፌው ጓደኛዬ ሽኩር፣ «ለባንዲራቸው ሰላምታ እጃችንን ከማንዘረጋበት ቦታ ሁለት ቀን እንተንፍስ» አለኝ። አሮጌ ሸራና አንድ ቋጠሮ ቆሎ ይዘን ወጣን።

ክረምቱ ገና ጓዙን አልጠቀለለም። መንገዱ ጭቃ ነው፤ ማሳው ግን ባቄላ አብቦበት ነፋሱ ሁሉ ይሸታል። የመጀመሪያውን ሌሊት ሸራችን ውሃ እያፈሰሰብን አደርን። «ገጣሚው፣ ዝናብ የሚያቆም ስንኝ ካለህ ወዲህ በል» እያለ ሽኩር አሾፈብኝ። በማግስቱ ትኩሳት ጣለው። ደግፌው ስጓዝ ውዬ፣ ጀንበር ስታዘቀዝቅ አንዲት ትንሽ መንደር ደረስን።

አገር ቤት እንግዳ መጀመሪያ ይገባል፣ እግሩን ይታጠባል፣ ይበላል፤ ከየት መጣህ የሚባለው ከዚያ በኋላ ነው። እሱን ተማምነን ከአጥሩ ውጭ በአማርኛም በኦሮምኛም ተጣራን። «የመሸብን እንግዶች ነን፤ አንዳችን ታሟል።»

አንድ ሽማግሌ ከውስጥ፣ «ከማን ወገን ናችሁ?» አሉ።

ሽኩር እየተንቀጠቀጠ ሳቀ። «ከብርድ ወገን ነን፣ አባቴ።»

በሩ አልተከፈተም። ሌሎቹም ቤቶች እንዲሁ። በመጨረሻ አንዲት ባልቴት ትኩስ ወተት በቅል ይዘው ወጡ። ድንጋይ ላይ አስቀመጡትና ፊታቸውን አዙረው፣ አመድ ወደሆነ ጎጆ ጠቆሙን።

«እንግዶች ያደሩበት ቤት ነበር። እንግዶቹ ባንዳ ኖረዋል፤ ባለቤቱን አርበኛ ታሳድራለህ ብለው አነደዱበት። እኔ አላየኋችሁም፣ ልጆቼ። እናንተም አላያችሁኝም።»

ሽኩር ሁለት ጉንጭ ጠጣ። አጥሩ ስር ሸራውን ዘርግቼ አቅፌው ተኛሁ። ሊነጋጋ ሲል መንቀጥቀጡን ተወ። ተሻለው ብዬ ደስ አለኝ።

ሲነጋ የመንደሩ በር ሁሉ ተከፈተ። ውሃ አሞቁ፣ አዲስ አቡጀዲ አመጡ፣ እንደ ሃይማኖቱ ቀበሩልኝ፤ አለቀሱም። ከማን ወገን ነው ያለ የለም።

ግጥም ልጽፍለት ስንት ጊዜ ተቀመጥኩ፤ አልሆነም። መንደሩን ልቀየም ስል ያ አመድ ፊቴ ድቅን ይላል።

ትናንት ከወጣቶቹ ተለይቼ ቤቴ እንደገባሁ ዝናብ ጣለ። የግቢዬ በር ተንኳኳ። እጄን መቀርቀሪያው ላይ አድርጌ፣ «ማነው? ከየት ነው?» አልኩ። ስከፍተው መንገዱ ላይ ሰው አልነበረም።