አራት እጅ ስፌት

በ1991 ዓ.ም. ጥቅምት፣ ክረምቱ ወጥቶ ሣሩ ሲደርስ፣ ቁንዝላ ላይ ስፌት ጀመርሁ። አሠሪዬ እትዬ ጥሩ ወስፌውን ከመስጠታቸው በፊት፣ "እግዚኦ ስትይ በምን ትቆጥሪያለሽ?" አሉኝ።

"በጣቴ አንጓ።"

"ስፌትም እንደዚያው ነው። አውራ ጣትሽ ይቆጥራል፤ የቀሩት አራቱ ሦስት ሦስት አንጓ አላቸው። አንድ እጅ አሥራ ሁለት ነው። ከተሳሳትሽ ፍቺው።"

ብዙ ፈታሁ።

ዛሬም ዓባይ ማዶ ቤቴ ተቀምጬ በዚሁ እቆጥራለሁ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሥራ አጥቼ አላውቅም። ልጄ ሶስና ያደገችው ከአለላው፣ ቀለም ከተነከረው ሣር፣ አጠገብ ነው። ቀለም ስለይ "ለዚህ ዙር ስንት እጅ ይበቃል?" እላታለሁ። ስድስት ዓመት ሳይሞላት "ሦስት እጅ፣ ሠላሳ ስድስት" ትለኝ ነበር።

አምና አንደኛ ክፍል ገባች። አንድ ቀን ደብተሯን ሳይ፣ ከእጅ ሥዕል ሥር "ቆጥረሽ ጻፊ" ይላል። አሥራ ሁለት ብላ ጽፋለች። በቀይ ኤክስ ተደርጎበታል። የክፍሏ ልጆች "ባለ አሥራ ሁለት ጣቷ" እያሉ ሳቁባት። ከዚያ ወዲህ ስንት እጅ ስላት "እንጃ" ብላ እጇን ቀሚሷ ውስጥ ትደብቅ ጀመር። ቁጥር መውደዷ በዚያው እንዳይቀር ፈራሁ። ግን ምንም አላልሁም።

በዚያው ሳምንት ከወረታ ለልጃቸው ሠርግ ሞሰብ ያዘዙኝ ነጋዴ፣ ወይዘሮ ዘይነባ፣ ሥራውን ሊያዩ መጡ። ክዳኑ ላይ ባለ ስምንት ጫፍ ኮከብ ጀምሬ ነበር፤ ለእያንዳንዱ ጫፍ ስድስት ስፌት። አዙረው አዩት።

"ኮከብሽ ያነክሳል እንዴ? አንድ እግሩ አጥሯል።"

"ቆጥሬዋለሁ። ዙሩ አራት እጅ ነው።"

"እንግዲያው ያነከሰው እጅሽ ነው።"

ሶስና ተነሥታ መጣች። ክዳኑን ጭኗ ላይ አድርጋ አውራ ጣቷን በአንጓዎቿ ላይ እያስኬደች ዙሩን ጨረሰች።

"እማዬ፣ አራት እጅ አልሞላም። አንድ አንጓ ይቀራል።"

እኔም ቆጠርሁ። አርባ ሰባት ነበር።

"ማሻአላህ፣ ይቺን አስቀምጠሽ ነው አንቺ የምትቆጥሪ?" አሉ ወይዘሮ ዘይነባ።

"እኔ መቁጠር አልችልም" አለች ሶስና። "ቲቸር ኤክስ አድርጋብኛለች።"

መምህርቷ ጣት ጠየቀች፤ ልጄ አንጓ መለሰች። ሁለቱንም የማውቅ እኔ ነበርሁ፤ ዝም ያልሁትም እኔ።

ከዚህ ሥራ ለልጅ ማሳደግ ያገኘሁት አንድ ነገር ነው፦ ልጅ መልስ ስትስት፣ መጀመሪያ በምን እንደቆጠረች መጠየቅ።

በማግስቱ ጧት ኪዳን አስደርሼ ከሶስና ጋር ትምህርት ቤት ሄድሁ። አንጓውን ለመምህርቷ አሳየኋት። በራሷ እጅ ሞከረችው፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር።

"አሥራ ሁለት" አለች።

"ጣት ከሆነ ግን አምስት ነው" አለቻት ሶስና።

ቤት ተመልሼ ዙሩን ፈታሁ።