ማክሰኞ ለአክስት፣ ዓርብ ለእህት ልጅ

ደሞዜ ዛሬ የሚከፈለኝ ከወረዳችን በጀት ነው። ትንሽ ናት፤ ቢሆንም የሰፈሬ ናት ብዬ እኮራባታለሁ። "ከላይ በደብዳቤ ታዞ ነው" የሚሉ አሉ። ኧረ ወዲያ! እኔ እዚያው ነበርኩ፤ በዓይኔ በብረቱ ያየሁትን ላውራ። የታሪኩ ባለቤት የሆኑት ሁለቱም ሴቶች "ጻፊው፣ ስማችንን ብቻ ተዪው" ብለውኛል።

ሥራዬ ሰው መፈለግ ነው። አራዳ ውስጥ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ፣ የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ከቀጠሯቸው ሲቀሩ እደውላለሁ፤ ካላነሱ በእግሬ ሄጄ አገኛቸዋለሁ። እኔም መድኃኒቱን ከጀመርኩ ቆይቻለሁ፤ ለዚህ ሥራ የሚመረጠው የቀመሰው ሰው ነው። ፒያሳ ላይ ሰው መፈለግ ደግሞ ቀላል እንዳይመስላችሁ። መዝገቡ ላይ "ሥላሴ አካባቢ ነኝ" ያለው ሰውዬ ዶሮ ማነቂያ ይገኛል፤ የሰጠኝ ስምም የራሱ አይደለም። እውነተኛው አድራሻ ያለው እኔ ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ነው።

ሌላም ዘዴ ነበረኝ። የአንድ ግቢ ሰዎች በር ላይ እንዳይገጣጠሙ ቀጠሮ አራርቃለሁ። ዶሮ ማነቂያ ውስጥ፣ ከፈረሳው በተረፈች አንድ ክፍል፣ አንዲት አክስት ካሳደጓት የእህታቸው ልጅ ጋር ይኖራሉ። አክስትየዋን እትዬ ነው የምላቸው፤ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ካልሲና ካናቴራ ይሸጣሉ። ሁለቱም ከእኛ ዘንድ መድኃኒት ይወስዳሉ፤ አንዷ ግን የሌላዋን አታውቅም። እትዬ የራሳቸውን ሽሮ ጣሳ ውስጥ ይደብቃሉ፣ ልጅቷ ፍራሽ ውስጥ። እኔ ማክሰኞን ለአክስት፣ ዓርብን ለልጅቷ ሰጥቼ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ሳይገናኙ አኖርኳቸው።

ከዚያ ደሞዛችንን የሚከፍለው የውጭ እርዳታ ቆመ። አንድ ጠዋት ደብዳቤ ሰጡን፣ በቃ። መድኃኒቱ አልጠፋም፣ እግዚአብሔር ይመስገን፤ የጠፋነው እኛ ፈላጊዎቹ ነን። ብቻዋን የቀረችው ነርስ ምን ታድርግ፣ ሁሉንም ሰው ሐሙስ ሐሙስ ጠራችው። እኔም ቤት መቀመጥ አቅቶኝ ያለ ደሞዝ ላግዛት ሄጄ በሩ አጠገብ ቆሜያለሁ። እትዬ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀምጠዋል። ልጅቷ የሰባት ወር ሆዷን ይዛ ብቅ አለች። አክስቷን አየች፤ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ስባ ዞረች። ተከትያት ብሮጥ ታክሲ ውስጥ ገብታለች።

አክስቷ ሊሰልሏት የመጡ መስሏት ነበር! ይህን የነገረችኝ በኋላ ነው። አክስቷን እታባ ነው የምትላቸው፤ "እታባ ደርሳብኛለች" ብላ ጤና ጣቢያውን እርም አለች፤ ስልኳንም ዘጋች። እትዬ ገበያ መዋላቸውን አይቼ ቤት ብሄድ፣ ከውስጥ ቆልፋ "ተሳስተዋል፣ እንዲህ የምትባል እዚህ የለችም" አለችኝ። እንዲህ እንዲህ እያለ ሦስት ሳምንት ሞላ። መድኃኒቷን በደንብ ከወሰደች ሕፃኑ ከቫይረሱ ነፃ ሆኖ ሊወለድ ይችላል፤ ካቋረጠች ግን ያስፈራል። እህል ከአፌ ተጣላ። ለአክስቷ እንዳልነግር ደግሞ የሰው ምስጢር ነው፤ ምላሴ ይቆረጥ እንጂ አይሆንም።

በመጨረሻ ድልድዩ ጋ ሄጄ እትዬ ካልሲ ፊት ቁጢጥ አልኩ።

"እትዬ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎት። የራስዎን ነገር ለልጅቷ ይንገሯት።"

የያዙት ካልሲ ከእጃቸው ወደቀ። "ምን? አሥራ አምስት ዓመት የደበቅኩትን? ለምን ሲባል?"

"ለምን እንደሆነ አይጠይቁኝ።"

"አብደሻል እንዴ አንቺ ሴት! ከእጄ ጎርሳ ያደገች ልጅ ነገ ከሳህኔ ብትሸሽ ማን አለኝ? ሂጂልኝ፣ ገበያዬን አትዝጊብኝ!"

ሄድኩ።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ወረዳው ነዋሪውን በበጀት ላይ ሊያወያይ ጠራ። ሰዉ ስለ ቦይ ተናገረ፣ ስለ መንገድ መብራት ተናገረ። እትዬና ልጅቷም መጥተው መሐል ላይ ተቀምጠዋል፤ ልጅቷ እኔን ስታይ አቀረቀረች። እጄን አውጥቼ፣ ከቀጠሮ የቀሩትን የሚፈልግ ሠራተኛ በወረዳው በጀት ይቀጠር አልኩ። ሰብሳቢው ፈገግ አለ።

"እህቴ፣ መድኃኒቱ እኮ በነፃ ነው፤ የፈለገ ይመጣል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባል የለ?"

አዳራሹ ሳቀ። እኔ አራዳ ነኝ ባይዋ ተመልሼ ቁጭ አልኩ።

እትዬ የልጅቷን ትከሻ ተደግፈው ተነሡ።

"የሳቃችሁ ሁሉ ስሙኝ" አሉ። "እኔ ካልሲ ሻጯ ይህን መድኃኒት አሥራ አምስት ዓመት ወስጃለሁ። አንዴ መርሮኝ ትቼው ነበር። የፈለገ ይመጣል ትላለህ ልጄ፤ እኔ የፈለግሁት መሞት ነበር። ስሰድባት እየተሰደበች፣ ደጄ ላይ ሦስት ቀን ተቀምጣ የመለሰችኝ ይህች ሴት ናት። ፈላጊ ባይኖረኝ ይህችን ልጅ ማን ያሳድጋት ነበር?"

ወደ ልጅቷ ዞሩ። "ይቅር በዪኝ። ለብቻሽ ልነግርሽ ስሞክር ድምፄ እንቢ አለኝ። ከእንግዲህ አብረሽኝ ባትበዪም አልቀየምሽም።"

አጃኢብ! እጄን በአፌ ጫንኩ። ለአንዲት ልጅ መናገር የፈሩ ሴት፣ ምክንያቱን እንኳ ሳልነግራቸው፣ የእኔን ቃል ብቻ አምነው ለሰፈሩ ሁሉ ተናገሩ! ሥላሴን፣ እንዲህ ያለ ልብ በዕድሜዬ አላየሁም። ስንት ሰው መክሬ አዳንኩ እያልኩ ስኩራራ ለኖርኩት ለእኔ፣ ያን ዕለት ከእሳቸው ፊት ማነሴ ራሱ ደስ አለኝ። ሰብሳቢውም አንገቱን ደፍቶ የቅጥር ጥያቄዬን ሲጽፍ አየሁት።

ልጅቷ ግንባሯን አክስቷ እጅ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ከዚያ ወደ እኔ ቀና አለች።

"ሰኞ ብመጣ መድኃኒቴን ይሰጡኛል?" አለችኝ።

እትዬ መጀመሪያ አልገባቸውም። "የማንን መድኃኒት?" አሉ። ልጅቷን አዩ፣ ሆዷን አዩ፣ እኔን አዩ። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አጥብቀው አሰሩና ክንዷን ያዙ።

"ምን ሰኞ አለ! ተረኛ ነርስ የለም እንዴ? ተነሺ!"

ስብሰባውን ጥለን ሦስታችንም ወጣን። ልጅቷ ሴት ልጅ ወለደች፤ ሕፃኗ ተመረመረች፤ ነፃ ናት።