ማዘንጊያ በፊት ለፊቱ በር
ማዘንጊያ በተሰደደችበት ዐረብ አገር፣ ዐማራት በሚባል የሀብታሞች ሰፈር ባለው የጣሊያን ምግብ ቤት ዘጠኝ ዓመት ስታበስል አንድም ቀን በፊት ለፊቱ በር ገብታ አታውቅም። ልጇ ሚያር ከዩኒቨርሲቲ የተመረቀች ሰሞን ግን፣ በዕረፍት ቀኗ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ልጇን ይዛ ከሚኖሩበት ሰፈር ከሐጅ ዩሱፍ መጣች።

ዘበኛው በሺር ግራ ገባው። «የሠራተኛ መግቢያ በጓሮ ነው እኮ!»

«ዛሬ እንግዳ ነኝ፣ ያ በሺር። ክፈትልን።»

ሚያር አፍራ እጇን ሳበቻት። «ማማ፣ ኸላስ፣ በቃ ይቅር፣ ሌላ ቦታ እንብላ።»

«የትም አንሄድም። ያላ፣ ግቢ!»

መስኮቱ አጠገብ ተቀመጡ። አስተናጋጁ ናዲር ሳቁን እየዋጠ «ምን ልታዘዝ፣ እመቤቴ?» አላት። ላዛኛ አዘዘች። ሲመጣላት አንዴ ጎርሳ ሹካዋን አስቀመጠች።

«ጨው አንሶታል፤ ለወጥ ቤቱ ንገርልኝ» አለችው። ሚያር ሳቋ አመለጣት። ማዘንጊያ ግን ቀና ብላ፣ ሳትቸኩል፣ ሳህኗን ጨረሰች።